የአራት ቀኑ ካቢኔ

አንድ ካቢኔ ለአራት ቀን ብቻ ቆይቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሚተርፍ ሥራ ሊሠራ ይችላል? ኢስቶኒያ ውስጥ ሆኗል። እኔም ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም። ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ሪፐብሊክ ናት። ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ የምነግራችሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ሀገሪቱ ነፃነቷን ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1918 አወጀች። በ1920 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ግን ፕሬዚዳንት የሚባል ሹመት አልነበረውም። የመንግሥቱ መሪ «ሪጊቫኔም» ይባላል፤ ርእሰ ብሔሩም ጠቅላይ ሚኒስትሩም እሱው ነው። አንድ መቶ አባላት ያሉት ምክር ቤት ድጋፉን በነሳው ቀን ካቢኔው ይወርዳል፤ እሱ ግን ምክር ቤቱን መበተንም ሆነ ያወጣውን ሕግ ማገድ አይችልም። ፓርቲዎቹ ብዙ ስለነበሩ ካቢኔ ሁሉ ጥምር ነው፤ አንዱ ባኮረፈ ቁጥር ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ከ1919 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ሃያ ያህል ካቢኔዎች ተፈራረቁ፤ የአንዱ ዕድሜ በአማካይ ዘጠኝ ወር አይሞላም።

ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ በዚህች ጊዜ ምን ሊሠሩ?» ይላል። እኔ ግን ፍርዱ ችኩል ይመስለኛል። ዲሴምበር 1 ቀን 1924 በሶቪየት ኅብረት የሚደገፉ ኮሚኒስቶች ዋና ከተማዋ ታሊን ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የመንገድ ሚኒስትሩ ካርል ካርክ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በጥይት ተገደለ። ሙከራው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ ሲኮራረፉ የከረሙት ፓርቲዎችም በዩሪ ያክሶን መሪነት ሰፊ ጥምር ካቢኔ አቆሙ። በዚሁ ካቢኔ ዘመን፣ በ1925፣ የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ ስለሱ ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በቁጥር አናሳ የሆኑ ሕዝቦች የትም ተበታትነው ቢኖሩ፣ የራሳቸውን የባህል ምክር ቤት መርጠው ትምህርት ቤቶቻቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ጀርመኖቹና አይሁዶቹ ወዲያው ተጠቀሙበት። አስቡት፣ ዓመት ብቻ የቆየ ካቢኔ ነው!

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ሕዝቡም የካቢኔው መፈራረቅ ሰለቸው። ብዙ ጊዜ ሪጊቫኔም ሆኖ የሠራው ኮንስታንቲን ፓትስ ማርች 12 ቀን 1934 ከጄኔራል ዮሃን ላይዶኔር ጋር ሆኖ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ምክር ቤቱን ዝም አሰኘ፣ ቀጥሎም ፓርቲዎችን ዘጋ። በ1938 አዲስ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለና ራሱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህን ሰነድ የወለደው የአንድ ሰው አገዛዝ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ አንቀጹን ልብ በሉልኝ፦ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ካልቻለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተክቶት ይሠራል።

በጁን 1940 የሶቪየት ጦር ገባ። ከሞስኮ የተላከው አንድሬይ ዥዳኖቭ እየተቆጣጠረ በገጣሚውና ሐኪሙ ዮሃነስ ቫሬስ የሚመራ ካቢኔ ተሰየመ። ፓትስን ወደ ሩሲያ ወሰዱት፤ በ1956 እዚያው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሕግ ምሁሩ ዩሪ ኡሉኦትስ ግን አመለጠ።

አሁን ወደ ሴፕቴምበር 1944 እንምጣ። በ1941 ሶቪየቶችን አባርረው ሀገሪቱን የያዙት ጀርመኖች ለቀው እየወጡ ነው፤ ቀዩ ጦር እየተመለሰ ነው። በሁለቱ መሐል ጥቂት ቀናት ክፍት ሆኑ። ኡሉኦትስ ያንን አንቀጽ ይዞ፣ የፕሬዚዳንቱ ተተኪ እኔ ነኝ ብሎ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን በኦቶ ቲፍ የሚመራ ካቢኔ ሾመ። ካቢኔው የሚዋጋበት በቂ ጦር የለውም፤ ሹመቱን ግን እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለው በመንግሥቱ የሕግ ጋዜጣ ላይ አሳተመ። በጦርነቱ ገለልተኛ መሆኑን አስታወቀ። በቶምፔያ ኮረብታ ባለው በፒክ ሄርማን ግንብ ላይም ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጩ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ሴፕቴምበር 22 ቀን የሶቪየት ጦር ታሊንን ያዘ። ወደ ስዊድን ሊያሻግራቸው የነበረው ጀልባ ሳይደርስላቸው ከቀሩት ሚኒስትሮች ብዙዎቹ ተያዙ። ቲፍ ዓመታትን በግዞት ካምፕ አሳለፈ።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ሶቪየቶች ታሊን የገቡት የጀርመን ግዛት ነጥቀው ብቻ እንዳልሆነ፣ በሕግ የተሾመ የኢስቶኒያ መንግሥት እዚያ እንደነበር የሚመሰክር የታተመ ወረቀት ቀረ። ኡሉኦትስ ስዊድን ደርሶ ብዙም ሳይቆይ በ1945 መጀመሪያ ሞተ። የቲፍ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አውጉስት ሬይ ቦታውን ተረከበና በ1953 ኦስሎ ላይ በስደት ካቢኔ አቋቋመ። ለዚህ የስደት ካቢኔ ዕውቅና የሰጠ መንግሥት አልነበረም፤ አሜሪካ ግን የ1940ውን ጠቅልሎ መያዝ አልቀበልም እንዳለች ስለጸናች የኢስቶኒያ ቆንስላ ኒው ዮርክ ውስጥ እስከ ነፃነቱ መመለስ ድረስ በሩ ክፍት ነበር።

በኦገስት 1991 ታሊን ያወጀችው አዲስ ሀገር መመሥረትን አይደለም፤ የነበረው ሪፐብሊክ መመለሱን ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1992 የስደቱ መሪ ሃይንሪክ ማርክ አደራውን ለተመረጠው ፕሬዚዳንት ለሌናርት ሜሪ አስረከበ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሠላሳ ሁለት ዓመቱ የታሪክ ምሁር ማርት ላር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የዚህ ሁሉ ሌላ ገጽታም አለ። ሪፐብሊኩ ያው የድሮው ከሆነ ዜጎቹም የድሮዎቹ ዜጎችና ልጆቻቸው ናቸው ተባለ። በሶቪየት ዘመን መጥተው የሰፈሩት፣ አብዛኞቹ ሩሲያኛ ተናጋሪ የሆኑ፣ ከሕዝቡ ሲሶ ገደማ የሚሆኑ ሰዎች ዜግነት ለማግኘት የኢስቶኒያ ቋንቋ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነባቸው። እዚያው የተወለዱም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ፈተናውን አለፉ፤ ሌሎች የሩሲያን ዜግነት ወሰዱ፤ የየትኛውም ሀገር ዜጋ አለመሆናቸውን የሚያሳየውን ግራጫ ፓስፖርት እስከ ዛሬ የያዙም አሉ።