የአጥሩ አጣጥና የጡት ካንሰር

ጆሮሽን ወዲህ በይ። እዚህ ጎጃም ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ የምትመጣ ሴት «የባህል መድኃኒት ሞክረሻል?» ስትባል ቀና ብላ «ኧረ የለም!» ትላለች። ካርዷም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። ቁስል ማጠቢያ ገብታ ነጠላዋ ሲገለጥ ግን የተወቀጠው ቅጠል ከነቅቤው ተለጥፎ ይገኛል። የቅጠሉን ስም ብትጠይቂያት አታወጣውም፤ ባለ መድኃኒቱ «ከተናገርሽው ይረክሳል» ብሏታላ።

የሚገርመው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ሲሉ በየአጥሩ የሚታየው እሾሃሙ አጣጥ ለጡት ካንሰር መድኃኒት ባዳ አይደለም። አሜሪካኖች የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ዓለምን ሲያስሱ ከኢትዮጵያ አንድ የአጣጥ ወገን ወሰዱ። እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ተመራማሪው ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የሚባል ነገር ማውጣታቸውን አሳወቁ። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ሜይታንሲን እነዚያ ክሮች እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል፤ መከፈል ያቃተው ሴልም ይሞታል። በሰው ሲሞከር ግን የታመመውን ከጤነኛው አልለይ አለ። ትውከቱ፣ ተቅማጡና የነርቭ ጉዳቱ በዛና ተተወ።

ኋላ ላይ ብልሃት ተገኘለት። የሜይታንሲንን ዘር አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛውን ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን አነፍንፎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት፤ መርዙ የሚፈታው የካንሰሩ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካድሲላ ይባላል፤ አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ፈቀደችው። የሚሠራውም ካንሰራቸው ሄር-2 ለበዛባቸው ሴቶች ነው።

ቻይኖችም ለቁርጥማት የሚጠቀሙበት ሌይ ጎንግ ተንግ የሚባል ሐረግ አላቸው፤ የአጣጥ ቤተሰብ ነው። ከሱ የወጡት ትሪፕቶላይድና ሴላስትሮል በላቦራቶሪ የጡት ካንሰር ሴሎችን ሲገድሉ ታይተዋል። ሐረጉ ግን ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳል።

ታዲያ አጣጥ ቀቅለሽ እንዳትጠጪ! ከአንድ ኪሎ ተክል የሚወጣው ሜይታንሲን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ከሱ ጋር ምን ምን እንደምትጠጪ ደግሞ ባለ መድኃኒቱም አያውቅም። ጉበት ተጎድቶ የኬሞ ቀጠሮ ሲራዘም ሐኪሙ ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱን የምታውቀው በሽተኛዋ ብቻ ናት።

እናንተም ባልደረቦቼ፣ ስትጠይቁ አትቆጡ፤ የተቆጡት ሁሉ የሚሰሙት «የለም»ን ነው። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ እብጠት ካየሽ ቅጠሉ እስኪሠራ አትጠብቂ፤ ቶሎ ነይ። ለሐኪሙ መናገር ከከበደሽ ቁስል ለምታጥበው ነርስ ንገሪያት፤ ቅጠሉንም በፌስታል ይዘሽው ነይ።