ማሽኑ የማያውቀው ወረራ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ ከንጉሡ ባለሟሎች ፊተኛ በነበረበት ዘመን፣ በቤተ መንግሥቱ ሰንጠረዥ ይዘረጋ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ጋር መጫወታቸው ተጽፏል።

የእኛ ሰንጠረዥ ከዓለሙ ቼዝ የሚለየው ገና ከመነሻው ነው። «ወረራ» ሲባል ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጃቸው እንደቀደመ ያሰልፋሉ። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሰፈሩት ድሉም እኩል አይከበርም። ንጉሡን በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በተራ ወታደር የያዘ ግን ይወደሳል።

የቼዝ ኮምፒውተር ግን ያለ ተራ መጫወት አያውቅም። «እኔ ይህን ብል፣ እሱ ያን ቢመልስ» እያለ ያሰላል፤ የአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምር ነበር። የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በ1988 ዓ.ም. 4 ለ 2 ረታው። በዓመቱ በድጋሚ ሲገናኙ፣ ማሽኑን ከሸመደደው መንገድ ለማስወጣት አንዱን ጨዋታ ወታደሩን አንዲት እርምጃ ብቻ ገፍቶ ጀመረ፤ እሱን የመሰለ አጥቂ! ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. የመጨረሻውን ጨዋታ በ19 እርምጃ ተሸነፈ፤ ውጤቱ 3.5 ለ 2.5 ሆነ። የረታው ስሌቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የራሱን ጨዋታ ትቶ መግባቱም ጎድቶታል።

ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ በ1995 ዓ.ም. ባሕሬን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ የተባለውን ፕሮግራም ሲገጥም የበለጠ ተጠነቀቀ። ንግሥቶቹን ቶሎ አለዋውጦ፣ ሩቅ አሳቢ በሚያሸንፍበት ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ አዋለውና 3 ለ 1 መራ። ኋላ ግን በአንዱ ጨዋታ ተሳሳተ፤ በሌላው ፈረሱን ሠውቶ ለሚያምር ጥቃት ተነሣና ተረታ። 4 ለ 4 ተለያዩ። በ1999 ዓ.ም. ቦን ላይ ደግሞ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ሞት ሳያይ ቀርቶ፣ ግጥሚያውን 4 ለ 2 ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ማሽኑን ማሸነፉን ትተው ተማሪው ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አልፋዜሮ ሕጉን ብቻ ተቀብሎ፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረ ነው። የዳር ወታደሩን ወደ ንጉሡ ሰፈር መግፋቱን ማግነስ ካርልሰንን የመሰሉ ሻምፒዮኖች ሳይቀሩ ወስደውለታል።

ወረራን ግን ለማሽንም ሆነ ለልጅ ማስተማር የሚቻለው የሚያውቀው ሰው ሲገኝ ነው። በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ሰንጠረዥ የተጫወቱ አዛውንት የምታውቁ አንባብያን፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሕጉን ከነአጨዋወቱ ጻፉልን።