የገጠሩ ውሃ ገንዘብ በማን እጅ ይለፍ?

ለገጠር ሕዝብ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ለማድረስ ከባሕር ማዶ ርዳታ መጣ በተባለ ቁጥር አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት እንደ ሆነ ነው፤ ነገር ግን የገንዘብ ብዛት ብቻውን የተቆፈረን ጉድጓድ እንደማይጠብቅ ዘመናችን አይቶታልና፣ ንዋዩ ከሰጪው እጅ ተነሥቶ እስከ መንደሩ ቦኖ የሚሄድበትን መንገድ መርምሮ ማወቅ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በቀድሞው ልማድ ሰጪው መንግሥት ወይም በጎ አድራጊው ድርጅት የራሱን ጽሕፈት ቤት ከፍቶ፣ የራሱን መዝገብ ይዞ፣ በመረጠው ወረዳ ይሠራ ነበር። ይህን መለያየት ለማስቀረት የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች በአንድ የስምምነት ሰነድ ተሳሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም ውሃን፣ መጸዳጃንና ንጽሕናን በአንድነት የያዘው የአንድ ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም ታወጀ። አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት የሚለው መመሪያ ከዚህ የመነጨ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የእንግሊዝ መንግሥትና ዩኒሴፍ ገንዘባቸውን ወደ አንድ የጋራ ሒሳብ ማስገባታቸው የዚሁ ፍሬ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳርፈው ግን በአማራ ክልል የተፈተነው ሥርዓት ነው። የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዚያ ክልል የገጠር ውሃ ሥራን ሲረዳ ከቆየ በኋላ፣ በ2003 ገንዘቡን ሕዝቡ በአጭሩ አብቁተ ሲለው በኖረው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ ለራሱ ማስረከብ ጀመረ። ውሃ የተቸገሩ ጎረቤታሞች ተሰብስበው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ እንስራውንና ጀሪካኑን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸውና ከመቀመጫው ቢያንስ እኩሌታው የእነርሱ እንዲሆን ይደረጋል። ኮሚቴው ለወረዳው ያመለክታል፤ ባለሙያ ወርዶ ምንጩን ወይም የጉድጓዱን ቦታ ያያል፤ መንደሩም ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ለማዋጣት ቃል ከመግባቱ በላይ ለወደፊቱ ጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ በስሙ ያስቀምጣል። ከዚህ በኋላ ውል ይፈረምና ገንዘቡ ሥራው እየታየ በየጊዜው ይለቀቃል። ሲሚንቶውን ዋጋ ጠይቆ የሚገዛው፣ ከግንበኛው ጋር የሚዋዋለው፣ ደረሰኙን ሰብስቦ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት የሚያወራርደው ያው ኮሚቴ ነው። ፊደል በቅጡ ላልቆጠረ ገበሬ ይህን ያህል ንዋይ እንዴት ይታመናል ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም፤ ዕቁቡንና እድሩን፣ የደብሩንም ሙዳየ ምጽዋት ቆጥሮ በመዝገብ እያሰፈረ ለኖረ ሕዝብ ግን ይህ ስጋት አይገባውም። ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል።

ይሁን እንጂ ምረቃ የሥራው ፍጻሜ አይደለም። በእነዚህ ጉድጓዶች ላይ በብዛት የሚተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የመንደር ሰው በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ሆኖ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ውሃውን የሚይዘው ትንሽ ጎማ እያለቀ ይሄዳል፤ ዋጋውም ከጉድጓዱ ወጪ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የማይገባ ነው። ነገር ግን ጎማው በወረዳው ከተማ ሱቅ ካልተገኘ፣ ወይም ኮሚቴው ወርኃዊውን መዋጮ መሰብሰብ ከተወ፣ ፓምፑ ይቆምና እናቶች እንደ ገና ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ለግንባታ ብዙ ገንዘብ የሚፈርም አጋር ለመለዋወጫ አቅርቦት በውሉ አንድ አንቀጽ እንኳ አለማስገባቱ ይህን ሁሉ ድካም ለከንቱ ያጋልጣል።

የተገኘው ፍሬ ጥቂት አለመሆኑን መመስከር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መዘርዝር መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን የተሻሻለ ውሃ የሚያገኙት 13 ሲሆኑ በ2015 57 ደርሰዋል፤ ሜዳ ላይ የሚጸዳዱትም በዚያው ዘመን ከ92 ወደ 29 ወርደዋል። በዚህ በኋለኛው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታላቅ ድርሻ አላቸው፤ የቤተሰብን መጸዳጃ የሚቆፍረውና የሚሠራው ባለቤቱ ነውና፣ እነርሱ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያደርሱት ምክርና ብርታት ነው። ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው መጸዳጃ ግን በክረምት ሲደረመስ ያው ቤተሰብ ወደ ሜዳ ሊመለስ ይችላል፤ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ መጸዳጃም በየቤቱ ጉልበት የሚሠራ አይደለም፤ ልጃገረዶች በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት የእርሱ መጓደል ነው። ስለዚህ ወደፊት በሚፈረመው ውል፣ ከጉድጓዱ ቁጥር ጎን የትምህርት ቤቱና የጤና ኬላው መጸዳጃ እንዲሁም በየወረዳው ከተማ የመለዋወጫ መደብር በጀት ተለይቶ እንዲሰፍር፣ የክልልም የፌዴራልም ባለሥልጣናት ከአጋሮቹ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ በግልጽ ሊጠይቁ ይገባል።