«ያለፈውም ጽፎ ነው የሄደው»

አዲስ የምክር ቤት አባል ቢሮዬ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ንግግር ነው። እጁን መቼ እንደሚያወጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲመጡ ጥያቄውን እንዴት እንደሚያቀርብ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጥ ያስጨንቃል። ለቋሚ ኮሚቴዎች በባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ተወካይ የሚፈተነው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መራጮቹ ሲመለስ መሆኑን ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከአንድ አዲስ ተመራጭ ጋር ወደ ምርጫ ክልሉ ወርጄ ነበር። በሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። አባላቱ ወደ ሕዝቡ የሚወርዱት በዚያና በክረምቱ ነው። ስብሰባው በቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰዉ በልጆች ዴስክ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል። ተመራጩ የቀድሞ መምህር ነው። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጤና ኬላው የተነሣውን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ፤ በዱላቸው ተደግፈው ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያለፈውም ጽፎ ነው የሄደው» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የመምህሩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ማታ ባረፍንበት ክፍል ደብተሩን ከፈትነው። አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል፤ ማን ምን እንደጠየቀ ግን አይታወቅም። እንደ አዲስ ጀመርን። ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ፦ የጠያቂው ስም፣ ጎጡ፣ ጉዳዩ የማን ሥልጣን እንደሆነ፣ ለማን በምን ቁጥር ደብዳቤ እንደተጻፈ፣ የተገኘው መልስ። ከባዱ የሥልጣኑ ነገር ነው። ሕዝቡ ችግሩን ሁሉ ለተወካዩ ይነግራል፤ መብቱም ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን ሥራውን ከፋፍሎታል። በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጡት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች ናቸው፤ የሽማግሌው ድልድይ የሚያገናኘው ሁለት ቀበሌዎችን ነው።

«ታዲያ አይመለከተኝም ልበላቸው?» አለኝ መምህሩ።

እንዲያ ማለት የለበትም። ጥያቄው የት እንደሚመለስ አውቆ እዚያ ማድረስ ራሱ የውክልና ሥራ ነው። «እናሠራላችኋለን» ማለት ግን በሌለው ሥልጣን ቃል መግባት ነው። ብዙ ቅን አዲስ አባላት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ የተቸገረ ሰው ፊት ቆሞ «ይህ በእጄ አይደለም» ማለት ይከብዳቸዋል። ያዝንልኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ዓመት ሙሉ ቢታለል ግን የበለጠ ይከፋል።

ያ ደብተር አዲስ አበባም ይሠራል። ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ አዲስ አባል ከመግቢያው ጀምሮ ያነብና ትርጓሜው ላይ ይደክማል። እኔ ከኋላ አስጀምረዋለሁ፦ መጀመሪያ የሚሻሩትን ሕጎችና የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹን፣ ቀጥሎ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚሉትን አንቀጾች በቀይ ማስመር። ቅዳሜ ገበያ እህል የምትቸረችር እናት የምትጠየቀው ማስረጃ ወይም ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ውስጥ ነው። አባሉ በአስረጂ መድረክ ላይ ከደብተሩ የእሷን ገጽ ገልጦ ሲጠይቅ፣ ረቂቁን ያመጡት ኃላፊዎች በደፈናው መመለስ ይቸግራቸዋል። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ በሩን ዘጋ አድርጎ፣ «ብቃወምስ?» ይለኛል። አንቀጽ 54ን አብረን እናነባለን። የአባሉ ተገዢነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው፤ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ መራጮቹ አመኔታ ካጡበት ደግሞ ከውክልናው ሊያነሱት ይችላሉ። የፓርቲ ግፊት እንዳለ አውቃለሁ፤ አንቀጹን ማንበብ ብቻውን አያስቀረውም። በቀይ ያሰመረውን በሚገባ ያነበበ አባል ግን ሲቃወምም ሲደግፍም ምክንያቱ በእጁ ነው።

መምህሩ ስለ ድልድዩ ለሚመለከተው ቢሮ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ሦስተኛውን ደብዳቤ ራሱ ይዞ ሄደ። ለዘንድሮ በጀት አልተያዘም፣ ለመጪው ዓመት የታቀደውም ጥናቱ ብቻ ነው አሉት። በጽሑፍ ይሰጠኝ ብሎ እስኪሰጡት ጠበቀ።

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ሽማግሌውን በስማቸው ጠርቶ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው፤ ያልተመለሱትን ሁለት ደብዳቤዎችም አልዘለለም። «አባባ፣ ዘንድሮ አይሠራም» ብሎ ጨረሰ። ክፍሉ ዝም አለ። ሽማግሌው አጠገባቸው የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉትና፣ መምህሩን «የደብዳቤውን ቁጥር ንገረው፤ ይጻፈው» አሉት።