አውሮፕላን ነዳጁ እንደሚበቃው በምን ይታወቃል?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ነዳጅ ሲሞላ የመንገዱን ርዝመት ብቻ አያሰላም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚፈጀው ናፍጣ ጥቂት ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ሲያያዝ ግን የጫነው ኩንታል ኹሉ በናፍጣው ላይ ይቆጠራል። ሒሳቡን ቢሳሳት እንኳ መንገድ ዳር አቁሞ ጀሪካን መላክ ይችላል። ለአውሮፕላን አብራሪ ግን የሚቆምበት መንገድ ዳር የለም። በመኾኑም ዘመናዊ የመንገደኞች አውሮፕላኖች የነዳጁን ነገር ከመነሻ እስከ መድረሻ አስቀድሞ የሚተነብይ የበረራ አስተዳደር ኮምፒውተር ይገጠምላቸዋል። አብራሪዎችም አጠቃቀሙን የሚለማመዱት መሬት ላይ በተተከለ የምስለ በረራ መሣሪያ ነው።

ኮምፒውተሩ ምን ያሰላል?

አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የአውሮፕላኑን ክብደት፣ የሚሄዱበትን መስመር፣ የሚበሩበትን ከፍታ፣ የሚጠበቀውን ነፋስና መነካት የሌለበትን የመጠባበቂያ ነዳጅ መጠን ያስገባሉ። ኮምፒውተሩ በመስመሩ ላይ ባለው እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ሰዓት እንደሚደርሱና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚተርፍ ያሳያል።

ስሌቱ ርቀትን በፍጆታ ማባዛት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ነዳጁን በተጠቀመ ቁጥር ይቀላል፤ ሲቀል ፍጆታው ይቀንሳል፤ አየሩ ወደሳሳበት ከፍታ መውጣትም ይችላል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ጉዞው ይረዝማል፣ ከኋላ ሲገፋ ያጥራል። ኮምፒውተሩ ይህን በየጊዜው እያደሰ ያሰላል፤ መድረሻው ላይ የሚተርፈው ከመጠባበቂያው የሚያንስ መስሎ ከታየውም ነዳጁ እንደማይበቃ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል።

ለምን ጋኑ ሙሉ አይሞላም?

ለጄት አውሮፕላን የሚሞላው ነዳጅ በገጠሩ ለመብራት ከሚያገለግለው ነጭ ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲኾን፣ አንዱ ሊትር 0.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ያለ በቂ ምክንያት የተጫነ ነዳጅ ራሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይበላል።

የደጋው ከፍታም የራሱ ጫና አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ደብረ ማርቆስም በዚሁ አካባቢ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ይዞት ሊነሳ የሚችለው ክብደትም ይወሰናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለዓመታት በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲጨምር የኖረው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ነፋሱም በመልሱ ጉዞ ከኋላ ይገፋል።

ስለዚህ ነዳጁ በድርሻ ይከፈላል። ለጉዞው የሚበቃ፣ ላልታሰበ ነገር የሚኾን አብዛኛውን ጊዜ የጉዞው 5 በመቶ፣ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ፣ በመጨረሻም በአየር ላይ 30 ደቂቃ ለመቆየት የሚያስችል። ይህ የመጨረሻው ድርሻ ገበሬው ጎተራው ሲጎድል እንኳ ከማይነካው የዘር እህል ጋር ይመሳሰላል። አብራሪው ይህን ድርሻ ሳይነካ ማረፍ እንደማይችል ካወቀ የአደጋ ጥሪ ማሰማት ይጠበቅበታል።

የኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም አደጋ

ጋኑ የሚይዘውና የተሞላው ነዳጅ የተለያዩ መኾናቸው ኢትዮጵያን ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በዚያ ዕለት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳን ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ነዳጅ ለታቀደው ጉዞ ብቻ እንደኾነ ቢያስረዱም ጠላፊዎቹ አላመኑም፤ በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አውሮፕላኑ 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል የተጻፈውን ጠቅሰው ተከራከሩ። መጽሔቱ የሚናገረው ስለ ሙሉ ጋን ነበር። ኹለቱም ሞተሮች ነዳጅ አልቆባቸው ጠፉ፤ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ ወደቀ። ከ175 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሕይወታቸው አለፈ።

ኮምፒውተሩ የተነገረውን ያምናል

ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም በካናዳ የተከሰተው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። የአየር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ መለኪያው ስላልሠራ መጠኑ በእጅ ተለክቶ ተሰላ፤ በስሌቱ ግን ኪሎ ግራምና ፓውንድ ተምታቱ። ፓውንድ ከኪሎ ግራም ግማሽ ያነሰ በመኾኑ የተሞላው ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ቁጥር ተቀብሎ ነዳጁ እንደሚበቃ አሳየ። ሞተሮቹ በሰማይ ላይ ቢጠፉም አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር ሰፈር በመንሸራተት አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም።

በምስለ በረራ የሚደረገው ልምምድ

ቀድሞ የአቪዬሽን አካዳሚ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ የቦይንግ 737፣ የቦይንግ 787፣ የኪው400ና የሌሎች አውሮፕላኖች ምስለ በረራ መሣሪያዎች አሉት። ክፍሉ በስድስት ተንቀሳቃሽ እግሮች ላይ የቆመ ሲኾን፣ ውስጡ ከእውነተኛው የአብራሪዎች ክፍል አይለይም። አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ ነፋሱን ይለውጣል፤ መድረሻውን በጭጋግ ይዘጋል፤ ነዳጁ ከአንድ ጋን እንዲፈስ ያደርጋል። ሠልጣኞቹ ኮምፒውተሩ የተነበየውንና ጋኑ ውስጥ ያለውን እያነጻጸሩ መቀጠልን ወይም ሌላ ቦታ ማረፍን ይወስናሉ።

ልምምዱ የሚጠቅመው መሣሪያው እውነቱን ሲናገር ነው። ምስሉ ከእውነተኛው ሞተር ያነሰ ነዳጅ የሚፈጅ ከኾነ ሠልጣኙ ከንቱ ድፍረት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያው ከእውነተኛ በረራ ከተወሰደ መረጃ ጋር እየተመሳከረ በተቆጣጣሪ አካል ይረጋገጣል። ወጣቶች በቤታቸው ኮምፒውተር የሚጫወቷቸው የበረራ ጨዋታዎችም ተመሳሳይ ስሌት ቢያሳዩም፣ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የሌላቸው ለአብራሪነት ሥልጠና አይቆጠሩም።

በእውነተኛው በረራም አብራሪዎች በመስመሩ ላይ ያሉ ነጥቦችን ሲያልፉ የቀረውን ነዳጅ ከበረራ ዕቅዱ ጋር ያስተያያሉ። ኹለቱ ቁጥሮች መራራቅ ከጀመሩ ምክንያቱን መፈለግ ያለባቸው በጋኑ ውስጥ ገና በቂ ነዳጅ ሳለ ነው።