ድመት ባለበት ቤት ትንሽ ውሻ፦ ምርጫውና ሳይንሱ

ሁለት ሰዎች ዘወትር ሲነታረኩ ስናይ «እንደ ድመትና ውሻ» እንላለን። ይሁንና ልማዳዊው አኗኗራችን ሁለቱን እንስሳት ለያይቶ ያኖራቸው ነበር። ውሻ የደጅ ነው፤ ግቢ ይጠብቃል፣ አጥር ሥር ያድራል። ድመት ደግሞ የቤት ናት፤ አይጥ ታድናለች፣ ምድጃ ዳር ትተኛለች። በመካከላቸው ደጃፍ አለ። ውሻው ደጃፉን አያልፍም፤ ድመቷም ብትወጣና ቢያባርራት አጥር ላይ ወይም ጣራ ላይ ትሰቀላለች።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ በልደታ ከቆየው ሰፈር ከፊሉ ፈርሶ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ። በግቢ ኑሮ የለመደ ቤተሰብ ወደ ፎቅ ሲወጣ ደጃፍ የተባለው ድንበር አብሮ ይጠፋል። በኮንዶሚኒየም ከበሩ ውጭ ያለው የጋራ ደረጃ ነው፤ ውሻ አይታሰርበትም። ስለዚህ ውሻ የሚሻ ቤተሰብ የሚያመጣው ወደ ሳሎኑ ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ ድመቷ አስቀድማ የያዘችው ግዛት ነው። በዚህ ጊዜ «እንግዲያውስ ትንሽ ዝርያ እንምረጥ» የሚለው መልስ በቀላሉ ይመጣል። ለመሆኑ ትንሽነት ብቻውን ለድመት ዋስትና ይሆናልን? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ እንመረምራለን።

በመሠረቱ ትንሽ ውሻ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ሉሉ የተባለችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በበርካታ ፎቶግራፎች ላይ ትታያለች። አዲስ የሆነው ነገር ትንሹ ውሻ ከድመት ጋር በአንድ ጠባብ ወለል ላይ መኖሩ ነው።

የትንሽነት ሒሳብ

ትንሽነት በእርግጥ ጥቅም አለው። 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በሴኮንድ 5 ሜትር እየሮጠ ለጨዋታ ወደ ድመት ቢወረወር የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 312 ጁል ያህል ይሆናል። በዚያው ፍጥነት የሚሮጥ ባለ 5 ኪሎ ውሻ ግን 62 ጁል ገደማ ብቻ ይኖረዋል፤ ይህም አንድ አምስተኛ ነው። አንዲት ጎልማሳ ድመት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ስለምትመዝን ልዩነቱ የጉዳትና የድንጋጤ ያህል ሊራራቅ ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡ ወደ ሌላም አቅጣጫ ይሠራል። 2 ኪሎ የሚመዝን ቺዋዋ ከድመቷ ያነሰ በመሆኑ ተጎጂው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በተለይም ጎላ ብለው የሚታዩት ዓይኖቹ ለድመት ጥፍር የተጋለጡ ናቸው።

ሁለተኛው የሙቀት ጉዳይ ነው። አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላቸውን ባለ 2 ኪሎና ባለ 20 ኪሎ ውሾች ብናነጻጽር ትንሹ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከትልቁ ከእጥፍ በላይ የቆዳ ስፋት አለው። ሙቀት የሚወጣው በቆዳ ስለሆነ በክረምት ሌሊት በሲሚንቶ ወለል ላይ ቶሎ የሚበርደው እርሱ ነው። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 ባቀረበው ሕግ መሠረት ስናሰላም ትንሹ ውሻ በየኪሎው ከትልቁ 1.8 እጥፍ ያህል ምግብ ያሻዋል። ስለዚህ ትንሽ ውሻ ሙቅ መኝታና በቀን ከፋፍሎ የሚሰጥ ምግብ ይፈልጋል።

ሦስተኛው አተነፋፈስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ በእርጋታ የሚፈስ ነገር መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር የተያያዘ መሆኑን እናውቃለን፤ ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የውሻ አፍንጫ ቀጥ ያለ ቱቦ ባይሆንም ትንሽ ጥበት ብዙ አየር እንደሚያስቀር ከዚህ እንረዳለን። እንደ ፐግ፣ ፒኪንጊዝና ፍሬንች ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች በዝቅተኛ ቦታም ቢሆን ለመተንፈስ ይቸገራሉ። አየሩ በሳሳበት ከተማችን እነርሱን መምረጥ ለእንስሳው መራራት አይሆንም።

መጠን ሌላ፣ ጠባይ ሌላ

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የውሾችን ትንሽነት በከፍተኛ ደረጃ የሚወስነው አይ.ጂ.ኤፍ.-1 በተባለው የዕድገት ዘረ መል አካባቢ የሚገኝ ልዩነት መሆኑን አሳይቷል። የአካል ማነስ ግን የአደን ስሜትን አብሮ አያሳንስም። ዮርክሻየር ቴሪየር በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን እንግሊዝ ፋብሪካዎች አይጥ ያድን የነበረ ውሻ ነው። ጃክ ራስል ቴሪየርም ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያስወጣ ተመርጦ የተራባ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለነዚህም ይሠራል፤ በሳሎን ውስጥ የምትሮጥ ድመት የአባቶቻቸውን ሥራ ልታስታውሳቸው ትችላለች። በአንጻሩ ማልቲዝ፣ ቢሾን ፍሪዜ፣ ፓፒዮንና ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል በአብዛኛው ለሰው ጓደኝነት የተራቡ ናቸው። የማልቲዝና የቢሾን ፀጉር ዘወትር ማበጠር ይጠይቃል፤ በካቫሊየር ዝርያ ላይ ደግሞ የልብ ሕመም ይበዛል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው በግለሰብ ውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚብራራው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሁለት ክፍሎች መካከል የአማካይ ውጤት ልዩነት ቢኖርም ከዝቅተኛው ክፍል የተነሣ አንድ ተማሪ ከከፍተኛው ክፍል ብዙዎችን ሊበልጥ እንደሚችል ሁሉ፣ ዝርያም አማካዩን ያመለክታል እንጂ በአንዱ ቡችላ ላይ አይፈርድም። ስለዚህ «የትኛው ዝርያ?» ብሎ የጠየቀ ቤተሰብ «የትኛው ቡችላ? እናቱስ ምን ትመስላለች? በማን መካከል አደገ?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል። በሰፈር የተወለደ፣ ከድመት ጋር ያደገ የአገራችን ቡችላ፣ ጭራሽ ድመት አይቶ ከማያውቅ ውድ የውጭ ዝርያ ሊሻል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ድመቷ ከውሻው ቀድማ ወደ ቤት ከገባች፣ እንዲሁም ሲገናኙ ድመቷ ከስድስት ወር፣ ውሻው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑ የመስማማት ዕድላቸው የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ውሻ ሲደሰት ጅራቱን ይቆላል፤ ድመት ግን ስትቆጣ ጅራቷን ታወናጭፋለች። በልጅነት የተገናኙ እንደሆነ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይማራል።

ደጃፉን መልሶ መሥራት

የጠፋውን ደጃፍ መልሶ መሥራት ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ወደ ላይ ነው። ድመት ካለችበት ተነሥታ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ለመዝለል በሴኮንድ 5.4 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋታል፤ ጤነኛ ድመት ይህን ትችላለች፣ ትንሽ ውሻ ግን አይችልም። በግድግዳ ላይ የተሠራ መደርደሪያ ወይም ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ለድመቷ ቆጥ ይሆናታል። ምግቧንም እዚያው ማኖር ይቻላል። የምትጸዳዳበትም ሣጥን ውሻው በማይደርስበት ስፍራ ይሁን።

ሲተዋወቁም መቸኮል አያሻም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻውን በአንድ ክፍል ለይቶ፣ የአንዱን መኝታ ጨርቅ ለሌላው በማሽተት ማላመድ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ውሻው በማሰሪያ ተይዞ፣ ድመቷም የምትሸሽበት ቦታ ኖሯት ለአጭር ጊዜ ይተያዩ። ውሻው ዓይኑን ተክሎ ደርቆ ከቆመ ወይም ሊያሳድዳት ከቃጣ ማራቅ፣ ፊቱን ካዞረ ደግሞ መሸለም ነው።

ከሁሉም በላይ የሚቀድመው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ድመት፣ ከሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሰዎችን ከሚያጠቃባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን የሚያደርሰውም ውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ሕፃን በክትባት ያከመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር፤ አዲስ አበቤዎች በጉለሌ «ፓስተር» እያሉ የሚጠሩት ሰፈርም ስሙን ይዟል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ በመሆኑ ውሻውም ድመቷም ወቅቱን ጠብቀው መከተብ አለባቸው። ከተነከስን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው።

እንግዲህ በልደታ ፎቅ ላይ ለሚኖር ድመት ያለው ቤተሰብ ምርጫው ይህን ይመስላል፦ ከ4 እስከ 8 ኪሎ የሚያድግ፣ አፍንጫው ያልተደፈጠጠ፣ ለአደን ካልተራባ ዝርያ የተወለደ ወይም ከድመት ጋር ያደገ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ውሻ። ትንሽ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ውሻው ገና በቤት አለ ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ የገዛ ቤተሰብ ድመቷ ስትከፋ ውሻውን መንገድ ላይ ይጥላል፤ አስልቶ የገዛ ግን ሁለቱንም በአንድ ጣራ ሥር ያኖራል።