ባዶ ቦታና ትእምርተ ጥቅስ፦ በአውቶማቲክ የሶፍትዌር ግንባታ ውስጥ የአርጉመንት ስሕተትን ፈልጎ ስለ ማግኘት



የዛሬው ንግግሬ ከአንዲት ባዶ ቦታ ስለሚነሣ ስሕተት ነው። የደቡብ ጎንደርን ወረዳዎች ስም እንመልከት። ደራ፣ ፎገራ፣ ፋርጣና ስማዳ እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ናቸው። ሊቦ ከምከም፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ግን ባለ ሁለት ቃል ስሞች ናቸው። ለየወረዳው የተለየ የሶፍትዌር ጥቅል በየሌሊቱ የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ጻፍን እንበል። ሙከራውን እዚሁ አንበሳሜ ላይ በደራ ስም ብናካሂድ ያለ እንከን ይሠራል። የላይ ጋይንት ተራ ሲደርስ ግን ስክሪፕቱ «ላይ» የሚባል አንድ ወረዳ፣ «ጋይንት» የሚባል ሌላ ወረዳ ያያል። ታች ጋይንትም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። በመጨረሻ የሁለቱ ወረዳዎች መረጃ «ጋይንት» በተባለ አንድ ፎልደር ላይ ይጻፋል፤ የኋለኛውም የፊተኛውን ይደመስሳል። ግንባታው ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ «ተሳክቷል» ብሎ ሊዘግብ ይችላል። የጉዳዩ አሳሳቢነትም እዚህ ላይ ነው።

መንሥኤው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼልም ሆነ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ተከታዮቹ የትእዛዝ መስመርን በባዶ ቦታ እየከፋፈሉ ያነባሉ። ከዚህም በላይ፣ ተለዋዋጭ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጻፈ ሼሉ በዋጋው ከተካው በኋላ ውጤቱን በባዶ ቦታ፣ በታብና በአዲስ መስመር እንደገና ይከፍለዋል።

አባቶቻችን ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። ይህ ምልክት የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ለሼል ግን ከሌላው ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ «ላይ፡ጋይንት» ሳይከፈል አንድ አርጉመንት ሆኖ ያልፋል። በአማርኛ ጽሑፍ የለመድነው «» እና የጽሕፈት ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚያስገቡት ጠመዝማዛው “ ” ለሼል ትእምርተ ጥቅስ አይደሉም። እርሱ የሚያውቀው ቀጥ ያሉትን ሁለቱን ነው፦ ነጠላው (') በውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይጠብቃል፤ ድርቡ (") ግን መከፋፈልን እየከለከለ ተለዋዋጭ በዋጋው እንዲተካ ይፈቅዳል።

አንዲት ባዶ ቦታ ምን ልታደርስ እንደምትችል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባምብልቢ በተባለ የሊኑክስ ፕሮጀክት የመጫኛ ስክሪፕት ውስጥ በአንድ የፎልደር አድራሻ መካከል ትርፍ ባዶ ቦታ ገባች። የማጥፊያው ትእዛዝ አድራሻውን ሁለት አድርጎ አነበበው፤ ሊያጠፋ የሚገባው አንድ ንኡስ ፎልደር ሆኖ ሳለ ዩኤስአር የተባለውን ዋና የሥርዓት ፎልደር በሙሉ አጠፋ።

በአውቶማቲክ ግንባታ ችግሩ የሚወሳሰበው አንዱን መስመር ብዙ አንባቢዎች በየተራ ስለሚያነቡት ነው። በመጀመሪያ በያምል የተጻፈው የማዋቀሪያ ፋይል ይነበባል፤ ዋጋው በሙሉ በትእምርተ ጥቅስ ከተከበበ ያ ጥቅስ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ሜክ የዶላርን ምልክት ለራሱ ይወስዳል፤ ለሼል እንዲደርስ ከተፈለገ ሁለት ጊዜ ($$) መጻፍ አለበት። ከዚያ ሼሉ ያነባል። ትእዛዙ በኤስኤስኤች ወደ ሌላ ማሽን ከተላከ ደግሞ የዚያኛው ሼል እንደገና ይከፍለዋል። በዊንዶውስ ነገሩ ይለያል፦ ፕሮግራሙ የሚቀበለው አንድ ያልተከፋፈለ መስመር ስለሆነ የመክፈሉ ሥራ የራሱ ነው። በሊኑክስ የሠራ አጻጻፍ በዊንዶውስ የሚሰናከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ስሕተቱን ስንፈልግ በሚከተለው ቅደም ተከተል ብንሄድ ይበጃል።

አንደኛ፣ ትክክለኛውን ፕሮግራም የተቀበለውን አርጉመንት ሁሉ በካሬ ቅንፍ ከብቦ በየመስመሩ በሚያትም አነስተኛ ስክሪፕት እንተካ። [ላይ ጋይንት] በአንድ መስመር ከታየ መንገዱ ደኅና ነው፤ በሁለት መስመር ከታየ ጥቅሱ አንድ ቦታ ላይ ጠፍቷል።

ሁለተኛ፣ ከመጨረሻው አንባቢ ጀምረን ወደ ኋላ አንድ አንድ ደረጃ እየሄድን ይህንኑ ሙከራ እንድገም። አርጉመንቱ ሙሉ ሆኖ ገብቶ ተከፍሎ የወጣበት ደረጃ የስሕተቱ ቦታ ነው።

ሦስተኛ፣ እርማቱን በዚያው ደረጃ ብቻ እናድርግ። ተለዋዋጮችን በድርብ ጥቅስ እንክበብ፤ አርጉመንቶችን ሁሉ ለሌላ ፕሮግራም ስናስተላልፍ "$@" እንጠቀም። ጥቅስን በተለዋዋጭ ዋጋ ውስጥ ማስቀመጥ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ሼሉ ጥቅሶችን የሚለየው ዋጋውን ከመተካቱ በፊት ስለሆነ በውስጥ ያለው ምልክት እንደ ተራ ፊደል ይቀራል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የመመረቂያ ሥራችሁን ስትፈትኑ የሙከራ መረጃችሁን በደራና በፎገራ ብቻ አትወስኑ። ታች ጋይንትንም ጨምሩ፤ ጥቅስ የጎደለበት ስክሪፕት ለተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት ስሕተቱ በእጃችሁ ላይ ይገለጣል።